«ፖር» እና ዘመዶቹ፦ ፈሳሽን የሚያንቀሳቅሱ የእንግሊዝኛ ግሶችን የመምረጫ መመሪያ

መዝገበ ቃላት ከፍታችሁ «ፖር» (ቀዳ፣ አፈሰሰ) ከሚለው የእንግሊዝኛ ግስ ሥር ብታዩ ብዙ ዘመድ ተደርድሮ ታገኛላችሁ፦ ፍሎ፣ ስትሪም፣ ጋሽ፣ ስፒል፣ ድሬይን፣ ዲካንት፣ ሌላም ሌላም። ተማሪው ከዝርዝሩ ደስ ያለውን ያነሣና ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ይሰካዋል። ዝርዝሩ ግን ዋናውን ነገር አይነግረውም፦ ፈሳሹን ያንቀሳቀሰው ማን ነው? አውቆ ነው ወይስ አምልጦት? ከምን ወደ ምን? በምን ያህል ኃይል? እነዚህን አራት ጥያቄዎች ሳይመልስ ቃል የሚመርጥ ሰው ትክክለኛውን የሚያገኘው በዕድል ነው።

መመሪያው በሐረር ጀጎል ውስጥ እንግዳ ለሚያስጎበኙ፣ በድሬዳዋ ከዚራ ካፌዎች ለሚያስተናግዱና ለፈተና ለሚዘጋጁ ተማሪዎች ይሆናል። የሚያስፈልገው አንድ ደብተር፣ እንግሊዝኛን በእንግሊዝኛ የሚፈታ የተማሪ መዝገበ ቃላት፣ አንድ ማንቆርቆሪያና አንድ ብርጭቆ ነው። ቃላቱ እዚህ በፊደላችን ስለተጻፉ፣ የእንግሊዝኛውን አጻጻፍ ከመዝገበ ቃላቱ እያያችሁ ደብተራችሁ ላይ ከጎናቸው አስፍሩ። ማንቆርቆሪያው ለቀልድ አይደለም፤ እጅ የሠራውን ግስ ጭንቅላት ቶሎ አይረሳውም። የድሬ ውሃ ግን አይባክንም፣ አንዱኑ ብርጭቆ ውሃ እየመለሳችሁ ተጠቀሙበት።

ደረጃ 1፦ አነባበቡን አስተካክሉ

ቃሉ በፒ፣ ኦ፣ ዩ፣ አር ይጻፋል። «አወር» (ሰዓት) እና «ሳወር» (ኮምጣጣ) የሚያልቁት በእነዚሁ በኦ፣ ዩ፣ አር ስለሆነ ብዙ ሰው «ፓወር» ብሎ ያነበዋል፤ ሰሚውም ስለ መብራት ኃይል የተወራ ይመስለዋል። መፍትሔው «ፎር» (አራት) የሚለውን ቃል ጽፎ ኤፍን በፒ መተካት ነው። አጻጻፉም አነባበቡም ከዚያ አይወጣም።

ያለፈው ጊዜ «ፖርድ» ነው፣ በአንድ ትንፋሽ። «ፖሬድ» አይባልም። በጽሑፍ ደግሞ ከአንድ መንትያ ተጠንቀቁ፦ በፒ፣ ኦ፣ አር፣ ኢ የሚጻፈው «ፖር» ከ«ኦቨር» ጋር ሲሆን በጽሑፍ ላይ አቀርቅሮ በትኩረት ማንበብ ነው። «መጽሐፉን ሌሊቱን ሙሉ ሲያነብ አደረ» ለማለት ፈልጋችሁ ዩ ያለበትን ከጻፋችሁ፣ ልጁ መጽሐፉ ላይ ውሃ ሲያፈስስ እንዳደረ ይነበባል።

ደረጃ 2፦ ተሳቢው ፈሳሹ ነው ወይስ ዕቃው?

«ፖር» ተሳቢ አድርጎ የሚወስደው ፈሳሹን ነው። ዕቃውን የሚወስደው «ፊል» ነው። አማርኛችንም ይህን ልዩነት ያውቀዋል፦ ውሃ ይቀዳል፣ ብርጭቆ ይሞላል። ስለዚህ «ፖር ዘ ዎተር ኢንቱ ዘ ግላስ» እና «ፊል ዘ ግላስ ዊዝ ዎተር» ሁለቱም ልክ ናቸው። «ፖር ዘ ግላስ ዊዝ ዎተር» ግን ስሕተት ነው፤ ብርጭቆውን ራሱን ያፈሰሳችሁት ያስመስላል።

እዚህ ላይ አንድ የሚያምታታ ነገር አለ። «ፖር ሚ ኤ ካፕ ኦቭ ኮፊ» ትክክል ነው፤ «ካፕ» የተባለው የቡናው ልክ ሆኖ ስለገባ ነው። በዚህ አገባብ «ፖር ኤ ካፕ ፎር ሚ» ማለትም ይቻላል። «ቱ ሚ» ግን አይባልም።

ሁለተኛው የሚያምታታ ግንባታ ላይ ይመጣል። ግንበኛ «አርማታ ሞላን» ይላልና አስተርጓሚው ወዲያው ወደ «ፊል» ይሮጣል። እንግሊዝኛው ለአርማታ የሚጠቀመው «ፖር»ን ነው፦ «ዌ ፖርድ ዘ ኮንክሪት»። «ፊል» ብትሉ ሰሚው ጉድጓድ በአፈር ስለ መሙላት ያስባል። ከዚህም እንደምታዩት «ፖር» ለፈሳሽ ብቻ አይደለም፤ ስኳር፣ አሸዋ፣ ስንዴ፣ በጅረት የሚወርድ ደቃቅ ነገር ሁሉ ይገባበታል።

ደረጃ 3፦ መስተዋድዱን አያይዛችሁ ያዙ

ግሱን ብቻውን ማጥናት ግማሽ ሥራ ነው። ማንቆርቆሪያውን አንሡና እየሠራችሁ በሉት።

«ኢንቱ» ወደ ዕቃ ውስጥ ሲሆን ነው፤ ሲኒ፣ ጀሪካን፣ በርሜል። «ኦንቱ» አንድ ነገር ላይ ማረፍን ያሳያል። «ኦቨር» ፈሳሹ ነገሩን ሲያለብሰውና በላዩ ሲወርድ ይገባል። እንግዳ ማስታጠብን ለቱሪስት ስታስረዱ የሚያስፈልጋችሁ ይኸው ነው፦ «ሺ ፖርስ ዎተር ኦቨር ዘ ጌስትስ ሃንድስ»። «ዎሽ» ብቻ ብላችሁ ብትተውት አስተናጋጇ የእንግዳውን እጅ እያሸች ታጥባለች ማለት ይሆናል። «አዌይ» የማይፈለገውን መድፋት፣ «ኦፍ» ከላይ የተንሳፈፈውን ወይም ትርፉን ብቻ መቀነስ፣ «አውት» ደግሞ ወይ አስተናግዶ መቅዳት ወይ ዕቃውን ባዶ ማድረግ ነው። «ዳውን» ከላይ ወደ ታች ነው። ቢራ አረፋው እንዳይበዛ ብርጭቆውን አዘንብሎ በጎኑ መቅዳትን «ፖር ኢት ዳውን ዘ ሳይድ ኦቭ ዘ ግላስ» ይሉታል።

ደረጃ 4፦ «አፈሰሰ»ን በትኑት

የአማርኛ ተናጋሪ ስሕተት አብዛኛው የሚመነጨው ከዚህ ቃል ነው፣ ስለዚህ ረዘም ያለ ጊዜ ስጡት። «አፈሰሰ» ብዙ ሥራ ደርቦ የሚሠራ ግስ ነው፤ እንግሊዝኛ ሥራውን ለተለያዩ ግሶች አከፋፍሎታል።

መጀመሪያ ሐሳብን ጠይቁ። አውቆ ያፈሰሰ «ፖርድ»፣ አምልጦት ያፈሰሰ «ስፒልድ» ነው (እንግሊዞች «ስፒልት»ም ይላሉ)። አስተናጋጅ ደንበኛው ልብስ ላይ ቡና ቢያፈስስና «ሶሪ፣ አይ ፖርድ ኮፊ ኦን ዩር ሸርት» ቢል፣ ይቅርታ እየጠየቀ ሆን ብዬ ነው ያደረግሁት እያለ ነው። «አይ ስፒልድ» ማለት አለበት። «የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም» የሚለው ተረታችንም እንግሊዝኛ አቻው በ«ስፒል» ነው የሚነገረው፤ እነሱ በፈሰሰ ወተት ማልቀስ አይጠቅምም ይላሉ።

ቀጥሎ ባለቤቱን ጠይቁ። «ጣራው ያፈስሳል»፣ «ባልዲው ያፈስሳል» ስንል ባለቤቱ ቀዳዳ ያለው ዕቃ ነው፤ ግሱ «ሊክ» ይሆናል። «ዘ ሩፍ ፖርስ» የሚል እንግሊዝኛ የለም። ጣራ በሚያፈስስበት ቤት መሬቱ ላይ ጠብ የሚለው ውሃ ደግሞ «ድሪፕ» ያደርጋል፤ ጣራው «ሊክ»፣ ውሃው «ድሪፕ»።

ሦስተኛው የ«ፈሰሰ» እና «አፈሰሰ» ጉዳይ ነው። በአማርኛ «አ» ጨምረን ፈሰሰን አፈሰሰ እናደርገዋለን። «ፍሎ» ግን ተሳቢ አይቀበልም። ውሃው ራሱ «ፍሎ» ያደርጋል እንጂ እናንተ ውሃውን «ፍሎ» አታደርጉትም። «አይ ፍሎድ ዘ ዎተር» ያለ ሰው «ፍለድ» (አጥለቀለቀ) ሊል ፈልጎ የተሳሳተ ይመስላል። «ፖር» ግን ሁለቱንም ይሸከማል፦ «አይ ፖርድ ዘ ዎተር» እና «ዎተር ፖርድ ኢን» ሁለቱም ይሠራሉ።

የቀሩት ቶሎ ያልቃሉ። እንባም ደምም ማፍሰስ «ሼድ» ነው። ላብ ሲንቆረቆር ግን፣ በሚያዝያ ድሬዳዋ ላይ የቆመ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ «ስዌት ፖርስ ዳውን» ይባላል። «መዋዕለ ንዋይ አፈሰሰ» የሚለው የጋዜጣ አማርኛ «ኢንቬስት» ነው። «ፖር መኒ ኢንቱ» አለ፣ ግን ሚዛኑ ሌላ ነው፦ ገንዘቡ እጅግ መብዛቱን፣ አንዳንዴም ተናጋሪው ብክነት እንደሸተተው ያሳያል። በደብዳቤና በሪፖርት አትጻፉት።

ደረጃ 5፦ «ቀዳ» እና የእጅ ሥራዎቹ

«ቀዳ» ከጀበና ወደ ሲኒ ሲሆን «ፖር» ነው። ከቦኖ ወይም ከምንጭ ሲሆን «ፌች» ነው፤ ጀሪካን ይዞ ቧንቧ ሥር ለቆመው ደግሞ «ፊል ዘ ጄሪካን» ይባላል። «ሺ ዌንት ቱ ፖር ዎተር» ያለ ሰው ልጅቱ ውሃ ልትደፋ ሄደች ብሏል። ካሴትና ወረቀት መቅዳት ከዚህ ቤት አይደለም፣ «ኮፒ» እና «ሪኮርድ» ናቸው።

ወጥ በጭልፋ መጨለፍ «ላድል» ነው። ዝቃጩን ሳይነኩ ጠለል ያለውን ብቻ ወደ ሌላ ዕቃ ማውጣት «ዲካንት» ይባላል፤ ቃሉ ወይንና ቤተ ሙከራ ውስጥ ብዙ ይሠራል፣ ቡና ላይ ብታመጡት ግን ይከብዳል። «ገለበጠ» ሁለት ነው፦ ከዕቃ ወደ ዕቃ ከሆነ «ፖር ኢንቱ» ወይም «ትራንስፈር»፣ ዕቃውን መትቶ መጣል ከሆነ «ኖክ ኦቨር»።

ከበርሜል በጎማ ስቦ ውሃ ማውረድ «ሲፈን» ነው። ይህ ቃል አንድ ሁኔታ ይጠይቃል፦ ውሃው የሚወጣበት የጎማው ጫፍ በርሜሉ ውስጥ ካለው የውሃ ወለል ዝቅ ማለት አለበት። ከፍ ካለ ውሃው አይሄድም፣ ቃሉም አይሠራም፤ ያኔ «ፓምፕ» ነው የሚያስፈልገው። ድሬዳዋ ወደ 1,200 ሜትር፣ ሐረር ከ1,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆኑ፣ ድሬዳዋ አካባቢ ካሉት የሐሰሊሶ ጉድጓዶች ወደ ሐረር የሚወጣውን ውሃ ስትገልጹ ከ«ፓምፕ» ሌላ ቃል አትፈልጉ። «ድሬይን» ሰው ወይም ቱቦ ሲያጎድለው ነው። በ1990ዎቹ ዓ.ም. የደረቀውን የሐረማያ ሐይቅ ስታነሡ «ድራይድ አፕ» በሉ፤ «ዋዝ ድሬይንድ» ካላችሁ አንድ ሰው አቅዶ አደረቀው የሚል ክስ ይሆናል።

ለአስጎብኚ፦ የቡናውን ሥርዓት በቅደም ተከተል

እንግዳ ፊት ለፊት ቡና ሲፈላ ግሶቹ ተደባልቀው ይመጣሉ። መቁላት «ሮስት»፣ መውቀጥ «ፓውንድ» ነው። ውሃው ጀበና ውስጥ ሲጨመር «ፖር ኢን»፣ ዱቄቱ ሲጨመር ግን «አድ» ይሻላል። ቡናው ገንፍሎ ሲወጣ «ቦይል ኦቨር»። ጀበናው ከእሳት ወርዶ እስኪሰክን የሚጠበቅበትን ጊዜ አስጎብኚዎች ብዙ ጊዜ «ስሊፕ» ወይም «ሬስት» ይሉታል፤ ጥሩው «ሌት ዘ ግራውንድስ ሴትል» ነው፣ አተላው ይውረድ ማለት። ምክንያቱንም ጨምሩበት፦ ሳይሰክን ከተቀዳ አተላው ሲኒ ውስጥ ይገባል።

ከዚያ ወደ ሲኒው ነው። ቡና አፍሊዋ ጀበናውን ከፍ አድርጋ ቀጭን አድርጋ ስታንቆረቁር «ሺ ፖርስ ኢት ኢን ኤ ቲን፣ ስቴዲ ስትሪም» በሉ። «ቲን» ቀጭን፣ «ስቴዲ» የማይቆራረጥ ነው። «አንቆረቆረ»ን የሚያክል አንድ የእንግሊዝኛ ግስ ለማግኘት አትድከሙ፤ እንግሊዝኛ ግሱን «ፖር» አድርጎ መልኩን በቅጽል ይነግራል። ሲኒው ጢም ሲል «ቱ ዘ ብሪም»፣ ተርፎ ማስቀመጫው ላይ ሲወርድ «ኦቨርፍሎ»። አቦል፣ ቶና፣ በረካን እንዳሉ ጥሩና «ፈርስት፣ ሰከንድ፣ ሰርድ ራውንድ» ብላችሁ አስረዱ። ጎድሎ የቆየ ሲኒ ላይ መጨመር «ቶፕ አፕ» ነው፤ ባዶ ሲኒ በአዲስ ዙር ሲቀዳ ግን ይህን ቃል አታምጡት። በጀጎል ቤቶች ከቡና ቅጠል የሚፈላው ቁጢ ከቀረበም ግሱ አይለወጥም፣ መፍላቱ «ብሩ»፣ መቀዳቱ «ፖር»።

ደረጃ 6፦ ኃይሉንና መጠኑን ለኩ

ደብተራችሁ ላይ ከታች ወደ ላይ መሰላል ሥሩ። ከታችኛው እርከን «ሲፕ» ይቀመጥ፤ ውሃ አፈርና ግድግዳ ውስጥ ቀስ ብሎ መስረግ ነው። አናባቢውን አርዝሙት፤ ካሳጠራችሁት ፉት ማለት ይሆናል። ከላዩ «ድሪፕ»፣ ጠብ ጠብ ማለት። ከዚያ «ትሪክል»፣ ጠብታው ተያይዞ እንደ ክር መውረድ። ከዚያ «ፍሎ» እና «ራን»፣ የወንዝና የቧንቧ መደበኛ ጉዞ። ከዚያ «ስትሪም»፣ ከዚያ «ፖር»፣ በላዩ «ጋሽ»፦ ቡልቅ እያለ በብዛት መውጣት፣ እንደ ተሰበረ ዋና ቧንቧ። «ስፐርት» ጎን ላይ ይቀመጥ፤ ፊን ብሎ በቅጽበት መውጣት ነው፣ ኃይሉ ትልቅ መጠኑ ትንሽ።

የተበተነ ፈሳሽ የራሱ ቤት አለው። አቧራ እንዳይነሣ ግቢ ላይ በእጅ ውሃ መርጨት «ስፕሪንክል»፣ በጎማ ወይም በመድኃኒት መርጫ ከሆነ «ስፕሬይ»። ባጃጅ ኩሬ ውስጥ ገብታ መንገደኛውን ስታለብሰው «ስፕላሽ» ነው። ቤንዚን ማርከፍከፍ «ዳውስ» ሲሆን፣ ማር ወይም ዘይት ምግብ ላይ በቀጭኑ ማንጠባጠብ «ድሪዝል» ነው። ይኸው «ድሪዝል» ለዝናብ ሲሆን ካፊያ ማለት ነው፤ ዶፉ ደግሞ «ኢት ኢዝ ፖሪንግ»። ባለቤቱ ባዶው «ኢት» መሆኑን ልብ በሉ። «ቬሪ ፖሪንግ» አይባልም፣ ቃሉ ራሱ «በጣም»ን ይዟል።

በድሬዳዋው የደቻቱ ወንዝ ላይ ይህ መሰላል በደንብ ይሠራል። ወንዙ አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ብቻ ስለሆነ «ዘ ሪቨር ፍሎውስ ስሩ ዘ ሲቲ» ብላችሁ ለእንግዳ ብትነግሩት ድልድዩ ላይ ቆሞ ውሃውን ይፈልጋል። «ኢት ኢዝ ኤ ድራይ ሪቨርቤድ» በሉት። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ሌሊት ከተማዋን የመታው «ፍላሽ ፍለድ» ነው፣ ደራሽ ጎርፍ። ጎርፉ ቤቶች ውስጥ መግባቱን ስትገልጹ «ፖርድ ኢንቱ ዘ ሃውዝስ» ቦታው ነው፤ ብዙ ነው፣ ኃይል አለው፣ ወደ ውስጥ ነው።

ደረጃ 7፦ ውሃ በሌለበት የሚፈስሱት

ሰው ሲጎርፍ «ፖር» ይሠራል። ታኅሣሥ 19 ለገብርኤል ንግሥ ምእመናን ወደ ቁልቢ ሲጎርፉ «ፒልግሪምስ ፖር ኢንቱ ኩሉቢ» ይባላል፤ ሲበተኑ «ፖር አውት ኦቭ»። «ፍለድ»ም ያስኬዳል። «ስፒል» ካላችሁ ግን ቦታው ጠቧቸው ወደ መንገድ ወጡ የሚል ይጨመርበታል፣ ይህም ቁልቢ ላይ ሐሰት አይሆንም።

የልብን መዘርገፍ «ፖር አውት ዋንስ ሃርት» ነው። በሰው ሐሳብ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መቸለስ ቃል በቃል ይገጥማል፣ «ፖር ኮልድ ዎተር ኦን»። «ዌን ኢት ሬይንስ፣ ኢት ፖርስ» የአየር ጠባይ ወሬ አይደለም፤ መከራ ተደራርቦ ሲመጣ የሚባል ነው፣ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ እንደምንለው። ከሁሉም የሚያሳስተው «ፖር ኦይል ኦን ትራብልድ ዎተርስ» ነው። «ዘይት አፈሰሰ» ሲባል እሳት ማባባስ ይመስላል፤ ትርጉሙ ግን ተቃራኒው፣ ጠብ ማብረድ ነው። የተናወጠ ውሃ ላይ ዘይት ሲፈስስ ትንንሹ ማዕበል ስለሚረግብ ነው እንዲህ የተባለው። ጠብ ማባባሱን ስትፈልጉ «ፊዩል» እና «ፋየር» ያሉበትን አባባል ያዙ።

ደረጃ 8፦ ፈትሹ

የሚከተሉትን መልሱን ሸፍናችሁ ተርጉሙ። ከመጻፋችሁ በፊት አራቱን ጥያቄዎች በየዓረፍተ ነገሩ ጠይቁ፤ ማን፣ አውቆ ወይስ አምልጦት፣ ከምን ወደ ምን፣ በምን ያህል።

«ታንከሩ ሞልቶ ፈሰሰ» — «ዘ ታንክ ኦቨርፍሎድ»። «ኦቨርፍሎን» ከጻፋችሁ ከ«ፍላይ» (በረረ) ጋር አምታትታችሁታል።

«ወተቱ ገነፈለ» — «ዘ ሚልክ ቦይልድ ኦቨር»። እዚህ «ኦቨርፍሎ» ብትሉ መፍላቱ ከትርጉሙ ይጠፋል፣ ወተቱ ስለበዛ ብቻ የፈሰሰ ይሆናል።

«ቧንቧው ሲንጠባጠብ አደረ» — «ዘ ታፕ ድሪፕድ ኦል ናይት»። «ሊክ» ቢጻፍም አይወድቅም፣ ግን የውሃውን ድምፅ አያሰማም።

«ሻዩን ደፋሁት» — መልስ ከመስጠት በፊት ባለቤቱን መጠየቅ ግዴታ ነው። ቀዝቅዞበት ከሆነ «ፖርድ ኢት አዌይ»፣ ክንዱ ነክቶት ከሆነ «ስፒልድ ኢት»። ፈተና ላይ ዐውዱ ካልተሰጠ ሁለተኛውን ምረጡ።

«ውሃ መጣ!» — «ዘ ዎተር ካም» አይደለም፤ ውሃው በእግሩ አልመጣም። ተቋርጦ ለተመለሰ የቧንቧ ውሃ «ዘ ዎተር ኢዝ ባክ ኦን» ይባላል። መብራት ሲመጣም «ዘ ፓወር ኢዝ ባክ ኦን» ነው፣ ያኔ «ፓወር» በትክክለኛ ቦታው ገባ ማለት ነው።